ኖይዙ የቱ ነው?

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የማልረሳው ስህተት ሠርቻለሁ። ከሴንሰር በሚመጣ ዳታ ውስጥ ድንገት ከፍ የሚሉ ቁጥሮችን «ኖይዝ ናቸው» ብዬ በሦስት መስመር ኮድ አጠፋኋቸው። ግራፉ አማረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሽኑ ቆመ። ለካ ቁጥሮቹ «ልበላሽ ነው» እያሉን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን የብላክ ሆል ምስል የማየው በሌላ ዓይን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በኤፕሪል 2017፣ ስድስት ቦታ ላይ ካሉ 8 የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ሰባቱ ከኤም87 ጋላክሲ መሃል የሚመጣውን የ1.3 ሚሊሜትር ሞገድ ቀዱ። ዳታው ለኢንተርኔት ስለሚከብድ ሃርድ ዲስኮቹ በአውሮፕላን ተጓጓዙ። የደቡብ ዋልታው ዲስክማ ክረምቱ እስኪያልፍ ተጠብቆ የደረሰው በዲሴምበር ነው።

ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። ምድርን የሚያክል ዲሽ የለም፤ ያለው እዚህም እዚያም የተበተነ ጥቂት ቴሌስኮፕ ነው። ባልተለካው ክፍተት ምክንያት ሰማይ ላይ የሌለ ጥላ ምስሉ ውስጥ ይፈጠራል። በዚያ ላይ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሞገዱን ያዛባዋል።

ለጥላው መፍትሔ ያመጣው ስዊድናዊው ያን ሆግቦም ነው። በ1974 ያሳተመው «ክሊን» የተባለ ዘዴ፣ ለእኔ ቢጤው ተራ ሉፕ ነው፦ ደማቁን ነጥብ ፈልግ፣ እሱ የሚፈጥረውን ጥላ በጥቂቱ ቀንስ፣ ነጥቡን መዝግብ፣ ድገም። ኖይዝ ብቻ ሲቀር አቁም። ግን የት እንደሚፈለግና መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ቀለበት ማየት ከፈለገ ቀለበት ያያል።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው፣ ሳይነጋገሩ ሠሩ። ሁለቱ በክሊን፣ ሁለቱ በሌላ ዘዴ። በጁላይ 2018 ምስሎቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አራቱም ቀለበት ነበሩ።

ይሄም አልበቃቸውም። ቀጥለው ያደረጉትን ነው እኔ የምወደው። መልሱን የሚያውቁትን የውሸት ዳታ ሠርተው ለየፕሮግራሙ ሰጡ፦ ቀለበት፣ ግማሽ ጨረቃ፣ ሁለት ነጥብ፣ ድፍን ክብ። ድፎ ዳቦ ሰጥተኸው ቦምቦሊኖ ከመለሰልህ አትመነው፣ ነገሩ ይኸው ነው። (እኔ ሦስቷን መስመር ስጽፍ እንዲህ ያለ ፈተና ትዝም አላለኝ።)

ምስሉ ኤፕሪል 10 ቀን 2019 ወጣ። ዳታው ለሁሉም ክፍት ስለነበር በ2022 የጃፓን ተመራማሪዎች እንደገና ሠርተውት «ቀለበት የለም» አሉ። ቡድኑም ተከራከረ። በ2024 ደግሞ ግሪንላንድ ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ተጨምሮ በ2018 የተቀዳው ዳታ ውጤት ታተመ፦ ቀለበቱ በዚያው መጠን አለ፣ ደማቁ ጎኑ ግን ቦታ ቀይሯል።