ከባክቴሪያ ወደ አሳንሰር፣ ከአሳንሰር ወደ ራይቦዞም

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ዊልያም ክላንሲ የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድን የሕክምና ፕሮግራም አስተማሪ ሊያደርገው ተነሣ። ፕሮግራሙ ማይሲን ይባላል። የደም ኢንፌክሽን ወይም ማጅራት ገትር ስለያዛቸው ሕሙማን ሐኪሙን እየጠየቀ በሽታ አምጪውን ባክቴሪያ ይገምታል፤ የሚበጀውንም አንቲባዮቲክ ይመክራል። ዕውቀቱ የተጻፈው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው» በሚሉ ጥቂት መቶ ሕጎች ነው። ችሎታውም የዋዛ አልነበረም፤ በ1979 በታተመ ግምገማ ምክሮቹ 65 በመቶ ተቀባይነት ሲያገኙ፣ አብረውት የተመዘኑት አምስት የዩኒቨርሲቲው ስፔሻሊስቶች ያገኙት ከ42.5 እስከ 62.5 በመቶ ነው።

ክላንሲ በእነዚህ ሕጎች ላይ ጋይደን የተባለ የማስተማሪያ ፕሮግራም ገነባ። ተማሪዎቹ ግን ሕጎቹን መረዳትም ማስታወስም ተቸገሩ።

ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ሕጎቹ ተመለሰ። ከመካከላቸው ስለ ባክቴሪያ ማጅራት ገትር የሚናገር አንድ ሕግ አለ። ሕመምተኛው ከ17 ዓመት በላይ መሆኑን ያጣራል፤ ቀጥሎ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን ይጠይቃል፤ ከተሟላ የተወሰኑ ባክቴሪያዎችን ይጠረጥራል። ዕድሜው እዚያ ምን ይሠራል? ፕሮግራሙ ቅድመ ሁኔታዎቹን በተጻፉበት ተራ ስለሚያያቸው፣ ዕድሜው ካልሞላ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ስለዚህ ሕፃን የሚያክም ሐኪም «ልጁ ጠጪ ነው ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። ሕጉን የጻፈው ሰው ይህን ያውቅ ነበር፤ ሕጉ ግን አይናገረውም። ምኑ ቀድሞ ምኑ ተከትሎ እንደሚጠየቅ የሚወስነው የሐኪም ብልሃት በመስመሮቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። ክላንሲ ብልሃቱን ከሕጎቹ ነጥሎ ኒዮማይሲን በተባለ አዲስ ፕሮግራም ለብቻው ጻፈው።

የነገሩ ፋይዳ ከማስተማር አልፎ ይሄዳል። በዚያው ዘመን የማይሲንን የሕክምና ሕጎች አውጥቶ የቀረውን ለሌላ ሥራ ማዋል ተጀምሮ ነበር። ኢማይሲን የተባለው ይህ ባዶ ቅርፊት የሳንባ ምርመራ ውጤት የሚተረጉመውን ፐፍን፣ መሐንዲሶችን የሚያማክረውን ሳኮንን አስገኝቷል። ቅርፊቱ ሕግን ከሕግ ማያያዝ ያውቃል። ለየትኛው ዓይነት ችግር እንደሚበጅና ለየትኛው እንደማይሆን ግን ከራሱ ከቅርፊቱ ማንበብ አይቻልም ነበር።

ክላንሲ በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን ገለጠው። ማይሲንና ሳኮን፣ ለአንባቢ መጽሐፍ የሚመርጠው ግራንዲም ጭምር፣ በሥራ ሳይገናኙ በአንድ መንገድ ይጓዛሉ። የነጭ የደም ሕዋስ ማነስ «የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው» ወደሚል ጥቅል መግለጫ ያድጋል፤ መግለጫው በልምድ ከአንድ የባክቴሪያ ወገን ጋር ይያያዛል፤ ወገኑ ደግሞ እየጠበበ እስከ ኢ. ኮላይ ይደርሳል። ግራንዲም የአንባቢውን ጠባይ በአንድ የሰው ዓይነት ይጠቀልላል፤ ለዚያ ዓይነት ሰው ከሚስማሙት መጻሕፍት አንዱን ይመዛል።

መልሱ አስቀድሞ ተዘርዝሮ በማይገኝበት ሥራ ግን ይህ ስልት አያዋጣም። ጆን ማክደርሞትና ባልደረቦቹ ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ የሠሩት ቪቲ አሳንሰር ይነድፋል። የሕንፃው ልክ፣ የሚጫነው ክብደትና ፍጥነቱ ይነገረዋል፤ ሞተሩን፣ ገመዱንና ሌላውን ክፍል አንድ በአንድ ይመርጣል። ምርጫው ከደህንነት ደንብ ወይም ከሌላ ክፍል ጋር ሲጋጭ፣ ባለሙያዎች ካስቀመጡለት ማስተካከያዎች ጉዳቱ አነስተኛ የሆነውን ወስዶ ያርማል፤ እንደገናም ይሞክራል።

በ1990ዎቹ የስታንፎርዱ የማርክ ሙሰን ቡድን ይህንኑ የማቅረብና የማረም ስልት ፕሮቴጄ-2 በተባለ መሣሪያ ውስጥ ከአሳንሰር ዕውቀት ለይቶ አስቀመጠው። ስልቱ ስለ ገመድም ስለ ሞተርም አያውቅም። የሚፈልገው ዋጋ የሚሰጣቸውን ነገሮች፣ መጣስ የሌለባቸውን ገደቦችና ገደብ ሲጣስ የሚወሰደውን እርማት ነው። ከዚያ ቡድኑ እጅግ ሩቅ ወደሆነ መስክ ወሰደው፤ ፕሮቲን የሚመረትበትን የራይቦዞምን ቅርጽ ወደ መገመት። አሁን ቦታ የሚፈለግላቸው የሞለኪውሉ ክፍሎች ናቸው፤ ገደቦቹም ከቤተ ሙከራ መረጃ የተገኙ ናቸው። የስልቱን ስያሜዎች ከባዮሎጂው ስያሜዎች ጋር የሚያዛምድ አገናኝ ክፍልም ተጻፈለት።

ይህ አገናኝ ቀላል ሥራ አይደለም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቻንድራሴካራን ቀደም ብሎ እንዳስጠነቀቀው፣ ዕውቀት የሚጻፍበት ቅርጽ ሊፈታ ከታሰበው ችግር ነፃ አይሆንም። ለምርመራ የተጻፈ የሞተር ዕውቀትና ለንድፍ የተጻፈ የሞተር ዕውቀት ስለ አንድ ሞተር ቢሆኑም አይተካኩም። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥረታቸውን ያፈሰሱት እዚህ ላይ ነው፤ በካድስና በኮመንካድስ ሥራቸው የምርመራን፣ የዕቅድንና የንድፍን ስልቶች እንደየችግሩ ዓይነት ለይተው መዝገብ አዘጋጁላቸው።

ፕሮቴጄ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የሕክምናና የባዮሎጂ ተመራማሪዎች የመስካቸውን ጽንሰ ሐሳቦችና ዝምድናቸውን ይመዘግቡበታል። ስለ ነገሮች ምንነት የሚናገረው ግማሽ በዓለም ተሰራጭቷል፤ ችግር እንዴት እንደሚፈታ የሚናገረው ግማሽ ግን ከመሣሪያው ወጥቶ ከተመራማሪዎች ጽሑፍ አልፎ ብዙም አልተጓዘም። ይህ ያስቆጫል፤ አሳንሰርንና ራይቦዞምን ያገናኘው ያ የቀረው ግማሽ ነበርና።