እግርና ዐፈር፤ የዝሆኔ በሽታ ምክንያት በጋሞ ደጋና በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ታወቀ

የሰው ቆዳ የሚነካውን ነገር ሁሉ በጸጥታ አይቀበልም። ሽፍታና ማሳከክ ለወራት የማይለቀው ሰው ወደ ሐኪም በሄደ ጊዜ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «ቆዳህን የነካው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ዮሴፍ ያዳሶን የተባለው ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም በ1895 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተጠረጠረውን ነገር በቆዳ ላይ ለጥፎ መመርመር እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ፣ ይህ ጥያቄ በሙከራ የሚመለስ ሆኗል። ከዚህም የተገኘው ትልቅ ትምህርት የሚከተለው ነው፤ አንድ ዐይነት የጆሮ ጌጥ ያደረጉ ሁለት እኅትማማቾች ቢኖሩ፣ የአንደኛዋ ጆሮ ሲቈስል የሌላዪቱ ደኅና ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ለሕመሙ የሚነካው ነገርም፣ የተነካው ሰው ተፈጥሮም ሁለቱ አስፈላጊዎች ናቸው።

ወደ ጋሞ ደጋ ስንወጣ ይኸው ጥያቄ ከጌጥና ከሳሙና ይልቅ ወደ ዐፈር ይመራናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው፣ በባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ ዐፈር የሚመጣው የእግር ዝሆኔ ምክንያቱ በምን መንገድ እንደ ታወቀ ነው። በሽታው በሕክምና ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከሽፍታና ከተራ የቆዳ አለርጂ ጋራ አንድ ነው አንልም፤ ነገር ግን ከውጭ የሚነካ ነገርና ከውስጥ ያለ ተፈጥሮ ሲገናኙ የሚነሣ በመሆኑ ከእነርሱ ጋራ ይዛመዳል። ታሪኩን መመርመራችን ደግሞ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። የምክንያቱ አለመታወቅ ብዙ ሰው ከጋብቻና ከማኅበር እንዲገለል አድርጓልና።

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቍልቍል በሚያይ ከፍተኛ ስፍራ ላይ ኦቾሎ የሚባል የጋሞ መንደር አለ። ይህ መንደር በአገራችን የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ በሁለት በሽታዎች የታወቀ ነው። በ1987 ዓ. ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በኦቾሎ ዝሆኔና የቆዳ ሌሽማንያ በብዛት ጐን ለጐን እንደሚገኙ ገልጾ፣ ከነዋሪው ከመቶ 5 ያህሉ ዝሆኔ እንዳለበት አስታውቋል። ከሁለቱ በሽታዎች የቆዳ ሌሽማንያን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ስትሆን፣ በገደሉና በዋሻው የሚኖረው ሽኮኮ የጥገኛው ማደሪያ ነው። ዝሆኔውን ግን ማን ያመጣዋል? አንዱ ቍስል ከነፍሳት ንክሻ የመጣ ከሆነ ሌላውም እንዲሁ ነው ብሎ መገመት ቀላል ነበረ።

ይህ ግምት በኦቾሎ ብቻ የነበረ አይደለም። ለረጅም ዘመን ዝሆኔ ሲባል የሐኪሞች ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው በትንኝ ወደሚተላለፈው ፊላርያ ወደሚባለው ቀጭን ትል ነበር። ይህ ትል በአገራችንም አለ፤ ጋምቤላን በመሰለ ቈላ ስፍራ ይገኛል። ዳሩ ግን የደገኛው በሽታ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። የትሉ ዝሆኔ እስከ ጭንና እስከ ብልት ሲደርስ፣ የደጋው ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣና አብዛኛውን ጊዜ ከጕልበት በታች ይቆማል። መጀመሪያ እግር ያሳክካል፣ ሌሊት ያቃጥላል፤ ቈይቶም ያብጣል፣ ቆዳውም ይሻክራል።

በ1969 ዓ. ም. ኡመን የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ ስላለው የእግር ዝሆኔ ሰፊ ጥናት አሳተመ። በዚህም የደጋው በሽታ በፊላርያ ሊተረጐም እንደማይችል እየተገለጸ መጣ። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን አጥብቆ የያዘው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በ1974 ዓ. ም. ባወጣው ጽሑፍ የበሽታውን ስፍራ ከዐፈሩና ከአየሩ ጋራ አስተያየ። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ጭቃ ባለበት፣ ከፍታ ባለውና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር ነው። ይህም የጋሞ፣ የወላይታና የጎጃም ደጋ መልክ ነው። በ1978 ዓ. ም. ደግሞ ከሄንደርሰን ጋራ በመሆን፣ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ ዕጢዎች በውስጣቸው ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ መርምሮ አሳተመ። ከዐፈር የሚመጡ ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያለባቸው እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በዚያ ተገኙ። ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ ገብተው በሊምፍ መንገድ ሲቀመጡ ሰውነት ይቈጣል፤ ከቍጣውም የተነሣ መንገዱ እየጠበበና እየተደፈነ ይሄዳል፤ ውሃውም መውጫ አጥቶ እግር ያብጣል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለው ስም «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራው ለዚህ ነው።

ነገር ግን በዚህ ያልተመለሰ ጥያቄ ቀረ። በአንድ ማሳ በባዶ እግር የሚያርሱ ጐረቤታሞች ሳሉ፣ ስለ ምን አንዱ ታሞ ሌላው ይድናል? ሕዝቡ ለዚህ የራሱ መልስ ነበረው፤ «የዘር በሽታ ነው» ይል ነበር። ሌላውም «ይጋባል» ብሎ ይሸሻል። ፕራይስ ራሱ በ1972 ዓ. ም. በሽታው በቤተ ሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም አይቶ ስለ ዘር ጽፎ ነበር። በ2012 ዓ. ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በ194 ሕሙማንና በ203 ጤነኞች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ኤች ኤል ኤ የተባሉት ዘረ መሎች ከበሽታው ጋራ ግንኙነት እንዳላቸው ታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማስተዋል አለብን። የሕዝቡ መልስ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር እንጂ። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለዐፈሩ የመቈጣት ጠባይ ነው። ጠባዩን የወረሰ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ በሽታው የሚገባበት በር ተዘጋ ማለት ነው። ደግሞም በሽታው ጀርም የለውም፤ ከታመመ ሰው ጋራ መብላት፣ መተኛትና መጋባት አያስይዝም። ንክኪው የእግርና የዐፈር እንጂ የሰውና የሰው አይደለም። እንግዲህ «ከዚያ ቤት አታግባ» የሚለው ምክር በሽታውን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ጫማ ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የምንናገረው አይደለም። በሽታው ቀድሞ በስኮትላንድ፣ በአየርላንድ፣ በፈረንሳይና በሰሜን አፍሪካ ይገኝ ነበር፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ። በእኛ አገር ግን በ2013 ዓ. ም. በየወረዳው በተደረገው ቈጠራ ከጐልማሶች ከመቶ 4 ያህሉ እንዳለባቸው ተገኘ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ችላ ለተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ባወጣው ዕቅድ ውስጥ ዝሆኔውን አገባው። የዓለም የጤና ድርጅት ከእነዚህ በሽታዎች ጋራ የቈጠረው ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ነበር።

የታመመውም ተስፋ የለውም አይባልም። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመው ሙከራ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚነሣውን ትኵሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ቍጥሩ በዓመት ለአንድ ሰው ከ23.9 ጊዜ ወደ 19.4 ዝቅ ብሏል። ይህ ፈውስ አይደለም፤ ነገር ግን ዘወትር ለሚተኛ ገበሬ ወደ እርሻው የሚመለስበት ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍሬ ነገር፣ የበሽታው ምክንያት የዘገየው ዐዋቂ ጠፍቶ ሳይሆን ጥያቄው በግማሽ እየተጠየቀ መሆኑን ነው። አንዱ ትንኝን ብቻ፣ ሌላው ዐፈርን ብቻ፣ ሦስተኛው ዘርን ብቻ አየ። አሁን ሁለቱ ግማሾች ተገጥመዋል። የጋሞ ሕዝብ ነገሩን በዱቡሻ ተሰብስቦ የሚመክርና የሚያስታርቅ ሕዝብ ነው። እኛም ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን በምንመለስበት ጊዜ፣ በዚያ አደባባይ ይህችን አንዲት ቃል ብናደርስ የትምህርታችን ዕዳ በጥቂቱ ይከፈላል፤ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያስፈራው ባዶ እግር እንጂ ጐረቤት አይደለም።