ከማቀዝቀዣው ጀርባ

የእናቴ ማቀዝቀዣ ሥራውን የተወው ፋሲካ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ በሩ ሲከፈት መብራቱ ይበራል፤ ውስጡ ግን እንደ ጓዳ መደርደሪያ ለብ ያለ ነው። ከመስቀል ወዲህ «ጋዝ ጨርሷል» እየተባለ ሦስት ጊዜ ተሞልቶለታል። ሦስቱንም ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት በርዶ መልሶ ሞቀ። አራተኛው ባለሙያ ሲመጣ ግን እንደ ቀደሙት የጋዝ ሲሊንደሩን አንጠልጥሎ አልገባም። ማቀዝቀዣውን ከግድግዳው ሳብ አደረገ፤ የዓመታቱን አቧራ በብሩሽ ጠረገ፤ ተንበርክኮም በስልኩ መብራት ከኋላ በኩል አንዳች ነገር ይፈልግ ጀመር።

«ይህ ፍሪጅ የሚወስደው ጋዝ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም መጽሐፍ አነባለሁ የምል ሰው፣ ጋዝ ያው ጋዝ አይደለም ወይ ብዬ መለስሁለት። ቀና ብሎ አየኝና «አይደለም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ «አይደለም» ነው። ምክንያቱን ስከታተል የአንድ ምዕተ ዓመት ታሪክ፣ ከነሟቾቹና ከነጸጸቱ፣ በእናቴ ማእድ ቤት ጥግ ቆሞ አገኘሁት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከእንስራ እንጀምረው። አያቶቻችን ውኃቸውን በሸክላ ያቀዘቅዙ ነበር። እንስራው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ በውስጡ የቀረው ውኃ ይበርዳል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ከለን በ1756 ባሳተመው ጽሑፍ የመረመረው ይህንኑ ነው። እርሱ ግን ከውኃ ይልቅ ፈጥኖ የሚተነውን ኤተርን አየሩ በተሳበበት ዕቃ ውስጥ አስተንኖ ውኃ እስኪረጋ ድረስ ቅዝቃዜ አወጣ። ጉድለቱ አንድ ነበር፤ የተነነው ኤተር በዚያው ይጠፋል። ለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ጄኮብ ፐርኪንስ በ1834 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት ለዚህ መላ አበጀለት። የተነነውን መልሶ መጭመቅ፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ አስወጥቶ ፈሳሽ ማድረግ፣ ፈሳሹንም በጠባብ መንገድ አሳልፎ እንደገና ማስተነን። እነሆ ላቡን መልሶ የሚጠጣ እንስራ ተፈጠረ።

ዛሬ ከማቀዝቀዣችን ጀርባ ያለው ሁሉ ይኸው ነው። እኛ «ሞተር» የምንለው ጥቁር ድብልብል ብረት፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ፣ ይጨምቃል። ከኋላ ያለው ጥቁር የቱቦ ፍርግርግ ሙቀቱን ወደ ቤቱ አየር ይተፋል፤ አቧራ ሲለብስና ከግድግዳ ሲጣበቅ ሞተሩ ያለ ዕረፍት የሚሠራው መተንፈሻ ስለሚያጣ ነው። ከፍርግርጉ ቀጥሎ ጣት የምታክል የመዳብ ፊልተር አለች፤ በውስጧ እርጥበት የሚመጡ ቅንጣቶች ይዛለች። ከእርሷም እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ይወጣና ፈሳሹን በረዶ ወደሚሠራው ክፍል ያደርሰዋል፤ በዚያ ይተናል። ዙሩ ዝግ ስለሆነ ፍሪጅ ጋዝ አይበላም፤ ጋዝም አይጨርስም። ከጎደለ ፈሶ ነው፤ ከፈሰሰም የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ። ሦስቱ የቀደሙ ጠጋኞች ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ሞልተው መሄዳቸው በተሸነቆረ ቅል ውኃ እንደ መቅዳት ነበር።

አሁን ወደ ጋዙ እንመለስ። በ1920ዎቹ ማቀዝቀዣ ወደ ሰው ቤት ሲገባ በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞሩት ሦስት መርዞች ነበሩ፤ አሞኒያ፣ ሜቲል ክሎራይድና ከድኝ ጭስ የሚገኘው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። በዚያን ጊዜ ኮምፕሬሰሩና የሚያዞረው ሞተር ለየብቻ ስለ ነበሩ ዘንጉ በሚያልፍበት ማሸጊያ በኩል ጋዙ ይሾልካል። በ1926 በበርሊን ልጆች ያሉበት አንድ ቤተሰብ ከማቀዝቀዣ በወጣ ጋዝ ተመርዞ በተኛበት መሞቱን ጋዜጣ ጻፈ። ዜናውን ካነበቡት አንዱ አልበርት አይንስታይን ነበር። ከወጣቱ ሀንጋሪያዊ የፊዚክስ ሊቅ ከሊዮ ሲላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ አካል፣ ስለዚህም የሚያፈስ ማሸጊያ የሌለው ማቀዝቀዣ ለመሥራት ዓመታት ደከሙ፤ በ1930ም ከአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ማቀዝቀዣቸው ገበያ አልወጣም። ለእርሱ ያሰቡት ፈሳሽ ብረትን በማግኔት ኃይል የሚገፋ ፓምፕ ግን ኋላ ላይ በኒውክሌር ማብለያዎች ዘንድ ሥራ አገኘ። የአንጻራዊነትን ሕግ ያገኘ ሰው ስለ ማእድ ቤት ዕቃ ማሸጊያ ተጨንቆ መኖሩን ሳስብ፣ ከታላላቅ ሥራዎቹ ይልቅ ይኼኛው ወደ እኔ ያቀርበዋል።

ገበያውን የያዘው ሌላ መፍትሔ ነበር። ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1927 ሞተሩንና መጭመቂያውን በአንድ የብረት ዕቃ አሽጎ፣ ያንንም ከሣጥኑ አናት ላይ ደፍቶ ሸጠ። ሕዝቡ አናቱን አይቶ «ሞኒተር» ከምትባለው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን መርከብ መድፍ ማማ ጋር ስላመሳሰለው ስሙ በዚያው ጸና። መታሸጉ የብዙዎችን ነፍስ ሳያተርፍ አልቀረም። ለጠጋኝ ግን ሌላ ዘመን ከፈተ፤ ከዚያ በፊት የተበላሸችው ቁራጭ ተለይታ ትለወጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በውስጡ አንዲት ትንሽ ነገር ብትሰበር እንኳ ኮምፕሬሰሩ ከነነፍሱ ይወጣል እንጂ አይፈታም።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ቶማስ ሚጅሊ ነው። በ1928 ከባልደረቦቹ ጋር የማይሸት፣ የማይቃጠል፣ ሰው የማይመርዝ ጋዝ አገኘ፤ ዓለም «ፍሪዮን» ብሎ የጠራውን፣ የጠጋኞች ቋንቋ አር-12 የሚለውን ማለት ነው። በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በትንፋሹ ሻማ አጠፋበት፤ አልመረዘውም፤ ሻማውም አልተንቦገቦገም። ይኸው ሰው አስቀድሞ እርሳስን ከቤንዚን ጋር የቀላቀለ መሆኑን ማስታወስ ግድ ይላል፤ የአንድ ሰው እጅ ሁለት ጊዜ የዓለምን አየር እንዲህ መንካቱ ያስገርማል። ሚጅሊ በ1944 ሲሞት የሁለተኛ ሥራውን መዘዝ አላወቀም። መዘዙ የተነገረው በ1974 ነው፤ ማርዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ይህ የማይሞት ጋዝ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ንጣፍ እንደሚበላ አሳዩ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ንጣፉ ክፉኛ መሳሳቱን አስታወቁ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። በታዳጊ አገሮች የእነዚህ ጋዞች ምርትና ሽያጭ እንዲያበቃ የተቆረጠው ቀን የ2010 መባቻ ነበር።

በምትኩ የመጣው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም። ነገር ግን ከአር-12 ጋር ይሠራ የነበረው የማዕድን ዘይት ከእርሱ ጋር አይዋሐድም፤ ሰው ሠራሽ ሌላ ዘይት ይሻል። ይህን ሳያውቁ አንዱን በሌላው ቦታ የሞሉ ሰዎች የስንቱን ቤት ኮምፕሬሰር እንደ ገደሉ ባለሙያው እየነገረኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ዞሮ ካልተመለሰ ብረት በብረት ላይ ይፈተጋልና። ሦስተኛው ደግሞ አር-600ኤ ነው፤ ከሲጋራ መለኮሻ ጋዝ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው ኢሶቡቴን። ይህን ለቤት ማቀዝቀዣ ያበቃው ፎሮን የተባለ የሳክሶኒ ፋብሪካ ነው፤ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ከፈረሰች በኋላ ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ሳለ ከግሪንፒስ ጋር ተባብሮ በ1992 ሙከራውን ሠራ፤ በ1993 ለሽያጭ አቀረበ። ኢሶቡቴን ኦዞንን አይነካም፤ ዓለምንም የሚያሞቀው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ለአንድ ቤት ፍሪጅም ጥቂት አሥር ግራም ይበቃዋል። ግን ይነድዳል። ኮምፕሬሰሩ ላይ የእሳት ነበልባል የተሣለበት ቢጫ ምልክት ያለው ፍሪጅ ይህን የያዘ ነውና፣ ጋዙ በነፋሻ ቦታ ወጥቶ ሳያልቅ የብየዳ እሳት ሊቀርበው አይገባም።

የባለሙያው «አይደለም» ይህን ሁሉ የያዘች ቃል ነበረች። ከኋላ የተለጠፈው ጽሑፍ በእርጥበት ተልጧል፤ ያለ እርሱ በቱቦው ውስጥ ያለው ሕይወት ይሁን እሳት አይታወቅም። ሁለተኛውን ጽሑፍ በውስጥ በኩል፣ ከአትክልት መሳቢያው ጀርባ አገኘው። አር-134ኤ ይላል፤ ግራሙም ተጽፏል። ከዚያ ፍሳሹን ፍለጋ ናይትሮጅን በግፊት አስገብቶ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀባ ጀመር። መጋጠሚያዎቹ ደኅና ነበሩ። በመጨረሻ አረፋው የተንፈቀፈቀው በረዶ ቤቱ ውስጥ፣ ከአሉሚኒየሙ ወለል ላይ ካለች ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ጭረት ነው።

ጭረቷን አውቃታለሁ። በመስቀል ሰሞን የተጋገረውን በረዶ በቢላዋ ስፈነቅል የእባብ ዓይነት ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ በረዶው የተሰነጠቀ መሰለኝ። ጠጋኞቹን ስወቅስ የከረምሁት እኔ ነበርሁ፤ ቀዳዳውን የከፈትሁትም እኔው ነኝ። አር-134ኤ በመቶ ዓመት ስሌት ተመዝኖ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 ጊዜ በላይ ዓለምን ያሞቃል። ስለዚህ ከአንድ መቶ ግራም ጋዝ ማምለጥ ከ130 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ እንደ መልቀቅ ይቆጠራል፤ በእኛ ቤት ደግሞ ይህ አራት ጊዜ ሆኗል። በ2016 በኪጋሊ የተሰበሰቡት መንግሥታት የእነዚህን ጋዞች መጠን ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት እንዲህ ያለችው ነገር በየቤቱ ስትባዛ ምን እንደምታክል አስልተው ነው። በረዶ እንዲቀልጥ ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሙቅ ውኃ በድስት አስቀምጦ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚፈለገው።

ባለሙያው ጭረቷን እስኪጠግን እኔ ወደ መርካቶ ተላክሁ፤ አዲስ ፊልተርና የበር ጎማ እንድገዛ። ፊልተሯ ቀላል ናት፤ ቱቦው በተከፈተ ቁጥር መለወጥ አለባት። ጎማው ግን አመላለሰኝ። ቁመትና ወርዱን ለክቼ ሄጄ ነበር፤ ይዤ የተመለስሁት ጎማ ግን ከበሩ ጎድጎዳ አልገባ አለ፤ ጎማ በልክ ብቻ ሳይሆን በሥሩ ቅርጽም ይለያልና። በማግሥቱ አሮጌውን ነቅዬ፣ የሞዴሉን ቁጥርም ጽፌ ሄድሁ።

ስለዚህ ጎማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የድሮዎቹ ማቀዝቀዣዎች በር ከውጭ ብቻ በሚከፈት መሸጎሪያ ይዘጋ ነበር። በአሜሪካ ደጅ ላይ የተጣሉ አሮጌ ፍሪጆች ውስጥ ለድብብቆሽ የገቡ ልጆች በሩ ተዘግቶባቸው ታፍነው ሞቱ፤ አንድ ሁለት ሳይሆኑ ብዙ። በ1956 ሕግ ወጣ፤ ከጥቅምት 30 ቀን 1958 በኋላ የሚሠራ ማንኛውም የቤት ማቀዝቀዣ ከውስጥ ተገፍቶ የሚከፈት እንዲሆን አዘዘ። መሸጎሪያው ቀረ፤ በጎማው ውስጥ የተሰፋ ማግኔት ተተካ። በአሥር ብር ኖት የምንፈትነው ያ ጎማ ነው፤ ኖቱን በሩ ላይ አጣብቆ ሲስቡት ያለ ምንም ችግር ከወጣ ጎማው አርጅቷል። አንዳንዴ ሙቅ ውኃ ሲነካው ቅርጹ ይመለሳል፤ የእኛ ግን ተሰነጣጥቆ ነበር። ከመርካቶ ስመለስ በሰፈራችን «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ ሰማሁ። አሮጌ ፍሪጅ ለእርሱ የምትሰጥ ሆይ፣ ማግኔትም ሆነ መሸጎሪያ፣ አስቀድመህ በሩን ንቀልለት።

ሌላው በቶሎ አለቀ። ጭረቷ በማጣበቂያ ተደፈነች፤ ፊልተሯ ተበየደች፤ በውስጡ የቀረው አየርና እርጥበት ለረጅም ጊዜ በፓምፕ ተሳበ። ጋዙም በግምት ሳይሆን በሚዛን ገባ። እናቴ «ልጄ፣ አሁን ይሰካ?» ብትለው «ትንሽ ይታገሡ እማማ» አላት። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥርም አምስት ደቂቃ ያህል እንድትጠብቅ አስጠነቀቃት፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ሞተሩ ልነሣ ቢል አቅም ያጣል፤ ኤሌክትሪኩ ዝቅ ሲል ደግሞ ይብሳል። ስታቢላይዘሩ ዘግይቶ የሚያበራው በከንቱ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ውኃው ረግቶ ነበር። እናቴ ቅቤውንና ሥጋውን አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ኖቱንም ራሷ ሳበችው፤ አልወጣም። ከዚያ ከመሳቢያው ውስጥ ያን ቢላዋ አነሣችና ይዛው ወጣች። የት እንዳስቀመጠችው እስካሁን አልነገረችኝም።