አደጋ፣ በሽታ፣ ጉዳት፦ ሦስት ቃላት በሠራተኛ ካሣ ሕግ ታሪክ

አንድ ግንበኛ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ የተሰበረበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይታወቃል፤ ምስክርም አይጠፋም። አንድ ቀለም ቀቢ ግን የእርሳስ ማዕድን ያለበትን ቀለም ለዓመታት ሲፍቅና ሲቀባ ኖሮ እጁ ከአንጓው ቢዝል፣ ሆዱን ቁርጠት ቢይዘው፣ የተጐዳው በየትኛው ቀን ነው? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲታይ የሐኪም ጥያቄ ይመስላል። በታሪክ ሲመረመር ግን የቃል ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ ሠራተኛው ካሣ ማግኘቱና አለማግኘቱ የደረሰበት ነገር «አደጋ» ተብሎ በመጠራቱ ወይም ባለመጠራቱ ላይ የተንጠለጠለበት ዘመን ነበርና።

ሥራ ሰውን እንደሚያሳምም ሕክምና ካወቀ ቆይቷል። ኢጣሊያዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 በሞዴና ባሳተመው መጽሐፍ የማዕድን ቆፋሪዎችን፣ የሸክላ ሠሪዎችን፣ የመስተዋት ሠሪዎችንና የሌሎችንም ባለሙያዎች በሽታ በየሙያው ለይቶ ጽፏል፤ ሐኪሞች በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁም መክሯል። ይሁን እንጂ ሕግ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጀበት።

እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው የብሪታንያ የሠራተኞች ካሣ ሕግ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ሳያስፈልገው ካሣ እንዲያገኝ ፈቀደ። ነገር ግን ካሣው የሚገባው በሥራ ምክንያትና በሥራ ላይ ሳለ በአደጋ ለደረሰ የአካል ጉዳት ነበር። ሠራተኛው ለአሠሪው በሚሰጠው ማስታወቂያም ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን እንዲገልጽ ሕጉ ያዝዛል። ቀን የሌለው ጉዳት በዚህ አቀራረጽ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ለመግባት አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1903 የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት «አደጋ» የሚለው ቃል በተራው ሰው አነጋገር ባለው ፍቺ፣ ማለትም ያልታሰበና ያልተፈለገ ክሥተት ተብሎ እንዲወሰድ ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ ሁለት ጉዳዮች ይህን ፍቺ ፈተኑት። በአንደኛው አንድ የሱፍ ለቃሚ የአባ ሰንጋ ተሕዋስ ከሱፉ ወደ ዐይኑ ገብቶበት ሞቷል፤ ሎርዶቹ ተሕዋሱ በዚያች ቅጽበት ዐይኑን መንካቱ ራሱ አደጋ ነው በማለት ለሟቹ ቤተ ሰብ ፈረዱ። በሁለተኛው አንድ ሠራተኛ በእርሳስ ተመርዞ ነበር፤ መርዙ ቀስ በቀስ የተከማቸ ስለ ሆነና ይህ ቀን ነው ተብሎ የሚጠቀስ ክሥተት ስላልነበረው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አደጋ አይደለም አለ። ሁለቱም ከሥራቸው የመጣ ነገር ጐድቷቸዋል፤ የለያቸው የቃሉ ወሰን ነው።

የሕግ አውጪው መልስ እ.ኤ.አ. በ1906 መጣ። አዲሱ ሕግ ስድስት በሽታዎችን በሠንጠረዥ ዘረዘረ፤ እነርሱም አባ ሰንጋ፣ የእርሳስ፣ የባዜቃ፣ የፎስፈረስና የአርሴኒክ መመረዝ፣ እንዲሁም ማዕድን ቆፋሪዎችን የሚያጠቃው የአንጀት ትል ናቸው። የቃሉ ፍቺ ግን አልተነካም፤ ሕጉ በእነዚህ በሽታዎች መሥራት አለመቻል «እንደ አደጋ ይቆጠራል» ሲል ደነገገ። በዚህ ዘዴ ቀን ላልነበረው ጉዳት ቀን ተሰጠው። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፦ ቃሉ ሊሸከመው ያልቻለውን ፍቺ ሕግ በ«እንደ» አሸከመው።

ዝርዝር ግን የራሱ ጉድለት አለው፤ ያልተጻፈውን አያውቅም። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት የሰዓት ገጽ ቁጥሮችን በጨለማ በሚያበራ የራዲየም ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ይደረግ ነበር። ከዓመታት በኋላ መንጋጋቸውና አጥንታቸው መበስበስ ሲጀምር፣ የክፍለ ግዛቱ የካሣ ሕግ በዘረዘራቸው በሽታዎች መካከል የራዲየም መመረዝ አልተገኘም። በፍትሐ ብሔር ሲከሱም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ አልፏል የሚል መከራከሪያ ቀረበባቸው። አምስቱ ከሳሾች እ.ኤ.አ. በ1928 በስምምነት ለየራሳቸው 10,000 ዶላርና በየዓመቱ 600 ዶላር እንዲከፈላቸው ተወሰነ። የቀን ጥያቄ እዚህም ተመልሶ መጣ፦ ጊዜው የሚቈጠረው መርዙ ከተዋጠበት ነው ወይስ በሽታው ከታወቀበት?

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 18 ሦስት በሽታዎችን ብቻ ዘርዝሮ ነበር፤ በ1934 በስምምነት ቁጥር 42 ዝርዝሩን ወደ ዐሥር አሳደገው። በ1964 የወጣው ስምምነት ቁጥር 121 ደግሞ አደጋንና በሽታን በአንድ ጣራ ሥር የሚያስገባውን ሰፊ ቃል፣ በእኛ «ጉዳት» የምንለውን፣ መነሻው አደረገ።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የተከተለው ይህን አካሄድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ ይህን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ጉዳት» ዋናው ቃል ሲሆን፣ «አደጋ» እና «በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ» ሁለቱ ቅርንጫፎቹ ናቸው። በሽታው ከሥራው ዐይነት ወይም ሠራተኛው በሽታው ከመታወቁ በፊት ለተወሰነ ጊዜ ከሠራበት አካባቢ የሚመነጭ የጤና መታወክ እንደ ሆነ ተደንግጓል። ቀኑም አልተረሳም፦ ሠራተኛው መጀመሪያ መሥራት ያቃተው፣ በሽታው በሐኪም የታወቀበት ወይም የሞተበት ቀን ጉዳቱ እንደ ደረሰበት ቀን ይቆጠራል።

ከዚህ ታሪክ ለተርጓሚ የሚተርፉ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ በአማርኛ «አደጋ» ድንገተኛነትን አጥብቆ ይይዛል፤ «አደጋ ጣለ» ስንል ሳይታሰብ ደረሰበት ማለታችን ነው። ስለዚህ የመድን ውል ወይም የድርጅት ደንብ ሲተረጐም «የጉዳት ካሣ» መባል ያለበት «የአደጋ ካሣ» ቢባል፣ የቀለም ቀቢው በሽታ እንደ 1905ቱ ፍርድ ከውሉ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ለመርዝ መጋለጥ» እና «ተጋላጭነት» አይምታቱ። የመጀመሪያው በሠራተኛው ላይ የደረሰውን ድርጊት ይገልጻል፤ ሁለተኛው በዛሬው አጠቃቀም የሰውየውን በቀላሉ መጠቃት ጭምር ያመለክታል። በሐኪም ማስረጃ ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ምክንያቱ ከፋብሪካው አየር ወደ ሠራተኛው ገላ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ «ካሣ» በባህላችን ከበዳይ ለተበዳይ የሚሰጥ ነው። በሠራተኛ ሕግ ግን አሠሪው ባያጠፋም ይከፈላል። መዝገበ ቃላት ይህን ሁለተኛ ፍቺ ለይቶ ካላሰፈረ፣ ካሣ የጠየቀ ሠራተኛ አሠሪውን በበደለኛነት የሚወነጅል መስሎ ይታያል፤ አሠሪውም ጥፋት የለብኝም በማለት ብቻ ከዕዳው ነጻ የወጣ ይመስለዋል።

እንግዲህ እነዚህ ቃላት በመዝገበ ቃላት ሲሰፍሩ የሕግ ፍቺያቸው ከተራው ፍቺ ተለይቶ በቁጥር ቢቀመጥ፣ ምሳሌውም ከመሰላል ከወደቀው ግንበኛ ብቻ ሳይሆን እጁ ከዛለበት ቀለም ቀቢ ጭምር ቢወሰድ መልካም ነው እንላለን።