ፒንሐስ ሩተንበርግ፦ ወንዙን ወደ መብራት የለወጠው መሐንዲስ

ኢየሩሳሌም ውስጥ የኢትዮጵያ መንገድን የማያውቅ የኛ ሰው ጥቂት ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለችው ከክቧ ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም ኖሯል። ያኔ ዕብራይስጥ ለብዙ አዳዲስ ነገሮች ስም አልነበረውም። ዛሬ ቤታችን አማርኛ ስናወራ እንኳ ጣልቃ የምናስገባትን "ሐሽማል" ለኤሌክትሪክ የመረጣት ገጣሚው ይሁዳ ሌብ ጎርዶን ነው። ያገኛትም ከትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ነው፤ እዚያ ላይ ከእሳት መካከል የሚያበራ ነገር ናት። የጥንቶቹ የግሪክ ተርጓሚዎች "ኤሌክትሮን" ብለዋታል፤ "ኤሌክትሪክ" የሚለውም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው።

ስሙ እንዲህ ተገኘ። መብራቱን ግን ማን ያምጣው?

ፒንሐስ ሩተንበርግ በ1879 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ዩክሬን ውስጥ ሮምኒ በተባለች ከተማ ተወለደ። ፒተርስበርግ ምህንድስና ተማረ፤ በዛሩ መንግሥት ላይ ከተነሱት አብዮተኞችም አንዱ ሆነ። በኋላ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። ስደት ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የውኃ ምህንድስና አጠና። በ1919 ወደዚህ አገር ሲመጣ ዓይኑ ያረፈው ወንዞቹ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ከከፍታ ሲወርድ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል። ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 አሳይቶ ነበር። ፋራዴይ የመጻሕፍት ጠራዥ ተለማማጅ ሆኖ፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ የተማረ የድሃ ልጅ ነው።

ሩተንበርግ በ1921 ከእንግሊዞች ፈቃድ አገኘ። በ1923 ቴል አቪቭ ላይ የመጀመሪያውን ጣቢያ በነዳጅ ሞተር አስነሣ። በ1932 ደግሞ ያርሙክ ከዮርዳኖስ በሚገናኝበት በናሃራይም ትልቁን የውኃ ኃይል ጣቢያ አስመረቀ። ቦታው በትራንስ ዮርዳኖስ በኩል ስለነበር ከአሚር አብደላ ጋር መስማማት ነበረበት፤ ተስማማም። በ1948 ጦርነት ግን ጣቢያው ቆመ፤ ዳግመኛም አልሠራም። የመሠረተው ኩባንያ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ቤታችን ሒሳብ የሚልክልን ሐብራት ሐሽማል እሱ ነው።

የሚገርመው፣ ኢየሩሳሌምን ማብራት አልተፈቀደለትም። የከተማዋን ፈቃድ ዩሪፒዲስ ማቭሮማቲስ የተባለ ግሪካዊ ቀድሞ በ1914 ከኦቶማኖች ወስዶት ነበር፤ ክርክሩም ሄግ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ሩተንበርግ በ1942 ያረፈው ግን እዚሁ ኢየሩሳሌም ነው፤ መቃብሩም ደብረ ዘይት ላይ ነው። በኑዛዜው ሕዝቡ እርስ በርስ መከፋፈሉን እንዲተው ተማጸነ፤ ሀብቱንም ለወጣቶች ትምህርት ተወ። ሃይፋ ያለው ቤት ሩተንበርግ ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለምርቃት ብቻ አይደለም። በያመቱ ከመካከላችን ለባግሩት ፊዚክስ ለመምረጥ የሚያመነታ አለ። "ይከብዳል፣ ለኛ ልጆች አይሆንም" ሲባልም እንሰማለን። ለማን ነው የሚሆነው ታዲያ? ፋራዴይ ጠራዥ ነበር፤ ሩተንበርግም ስደተኛ። ወላጆቻችንም ብዙዎቹ በኩራዝ ብርሃን ያደጉ ናቸው፤ ውኃ ከወንዝ በእንስራ ቀድተዋል። ከባሕር ዳር አጠገብ ጢስ ዓባይ ላይ በ1964 የተሠራውን ጣቢያ ያዩም አሉ። የውኃን ጉልበት በመጽሐፍ ሳይሆን በጀርባቸው ነው የሚያውቁት።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፣ ይህን ንገሩን፤ ወንዙ በክረምት ምን ያህል ድንጋይ ይገፋ እንደነበር አውሩልን። እኛ ደግሞ ቀመሩን እንማር። ዕብራይስጡን ይዘናል፣ አማርኛውንም አልጣልንም። የቀረን ከፊዚክስ ክፍል በር ላይ አለመመለስ ነው።