ወንዙ ቦታውን አይረሳም

ክረምት በገባ ቁጥር አንዲት የቀበና ጎረቤታችን ትዝ ይሉኛል። ቤታቸው ወንዙ ዳር ነበር፤ ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት ክፍል። ሰኔ ሲብት የጤፉ ጆንያ ከመሬት ተነስቶ በድንጋይ ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ይወጣል። የልጆቹ የክርስትና ወረቀት፣ የኪራይ ደረሰኝና የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ይንጠለጠላል። በሩ ላይ ደግሞ ከሌላው ቤት ሁሉ ከፍ ያለ የድንጋይ ደፍ ነበራቸው። ልጅ ሆኜ እየተደናቀፍኩ ሳማርር፣ «ተው ልጄ፣ እሱ ዘበኛዬ ነው» ይሉኝ ነበር።

ያኔ ነገሩ ሁሉ የአሮጊት ጭንቀት ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ስለ ጎርፍ የተጻፈውን ሳነብ ነው የገባኝ፤ ሴትየዋ ማንም ሳያስተምራቸው ትልቅ ዕውቀት ይዘው ኖሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጎርፍን መከላከል ሲባል ቶሎ ፊታችን ላይ የሚመጣው ግንብ ነው፦ ግድብ፣ የድጋፍ ግንብ፣ ትልቅ ቱቦ። ውሃውን ማሰር ማለት ነው። ሌላም መንገድ ግን አለ፤ ውሃውን ትቶ ራስን ማስተካከል። የት እንደምንሠራ መምረጥ፣ ቤቱን ከፍ ማድረግ፣ ውሃ ቢገባም እንዳይጎዳ አድርጎ ማዘጋጀት፣ ቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ኪሳራውን ተካፍሎ መሸከም፣ ካልሆነም ከቦታው መነሳት። እኔ ዛሬ የማወራው የዚህ የሁለተኛውን መንገድ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ስትወለድ ሳታውቀው ይዛው ነበርና፤ እንዴት እንደጣለችው ማወቁ ይጠቅመናል።

ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ ያደረጉት በ1870ዎቹ ነው። ቦታው ዙሪያውን ያሳያል፣ ለጠላት አይመችም፤ ግን ብርዱ አይቻልም፣ ማገዶውም ቶሎ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው ከሥሩ ባለው አገር ቤት ካሠሩ በኋላ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ከተራራ ወደ ሜዳ ወረዱ ይባላል እንጂ፣ የወረዱት ሜዳ ላይ ሳይሆን ተዳፋት ላይ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ደቡብ አቃቂ ላይ ሲደርሱ ወደ 2,100 ሜትር ግድም ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም በክረምት፣ ያውም በሐምሌና በነሐሴ። ቀበና፣ ግንፍሌና ቀጨኔ ከእንጦጦ ሥር ተነስተው ይህን ውሃ ይዘው ይሮጣሉ። መጨረሻቸው አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ ነው። «ግንፍሌ» የሚለውን ስም ልብ ብሎ ለሰማ ሰው «ገነፈለ» የሚለው ቃል ጆሮው ላይ አይቀርም።

ታዲያ የያኔዎቹ ሰዎች እንዴት ሰፈሩ? መኳንንቱ እንደ ጦር ሰፈር ልማድ ከፍ ከፍ ያለውን ጉብታ እየመረጡ ያዙ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። ጌታው አናቱ ላይ፣ አሽከሩና ወታደሩ በዙሪያው፤ በሰፈርና በሰፈር መካከል ግን ወንዙና ገደሉ ባዶውን ይቀራል። አብያተ ክርስቲያናቱም ማርያምና ራጉኤል እንጦጦ አናት ላይ ናቸው። በምሥራቅ በኩል፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው አቅጣጫ፣ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለሩሲያና ለጣሊያን መልእክተኞች ሰፋፊ ይዞታ ተሰጠ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ የቀረ ነው። እነዚህ ግቢዎች ዛሬም ዛፍና ሣር ስለሆኑ ዝናቡን ይጠጣሉ።

ማንም ጎርፍን አስቦ እንዲህ አላደረገም። ባዶው ግን ይሠራ ነበር። ወንዙ ክረምት ላይ ሲሰፋ የሚሰፋበት ቦታ አለው፤ በጋ ላይ ሲሰበሰብ ከብት ይግጥበታል። በክረምት መሻገር ፈተና ቢሆንም፣ ቤት ውስጥ ተኝቶ የሚወሰድ ሰው የለም።

የጫካውም ነገር አለ። ጥዱና ወይራው ለቤትና ለማገዶ ሲያልቅ ምኒልክ ከተማዋን ጥለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው፣ እዚያም ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያዳናት በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፣ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል። ባለውለታችን ነው፤ ግን ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም። የወደቀውን ቅጠልና ጭራሮ ደግሞ እናቶቻችን ጠርገው በጀርባቸው እያዘሉ ወደ ከተማ አወረዱት፤ ሌላ ማገዶ ከየት ይምጣ? እናም ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው ተራራ ከቅርብ ሲያዩት መሬቱ ራቁቱን ነው። ራቁት መሬት ላይ የወደቀ ዝናብ ሳይሰርግ ደለሉን ይዞ ይወርዳል።

ባዶው መሬት የተያዘው ቀስ በቀስ ነው። ከተማዋ ስታድግ ጉብታው ሞላ፤ ከገጠር የመጣው ሰው ማንም ያልፈለገውን የወንዝ ዳር ያዘ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የብዙ ድሃ ኪራይ ቀለለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን አንድ ችግር አብሮ መጣ። ተከራዩ ቤቱን «የእኔ ነው» ብሎ መሠረቱን አያሠራው፣ አከራዩ መንግሥት ለየጎጆው ገንዘብም ጊዜም የለው። ጎረቤታችን ወለሉን በድንጋይ ከፍ ለማድረግ ፈቃድ ሲጠይቁ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ አስታውሳለሁ። «የመንግሥትን ቤት ቅርፅ መለወጥ አይቻልም» ተባሉ። ደፉን የሠሩት ሳይናገሩ ነው። ቆይቶ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚቆመው የጨረቃ ቤት በየተዳፋቱ ተጨመረ። የላይኛው ሰው ግቢውን በሲሚንቶ ሲለብጥ፣ መንገዱ ሲነጠፍ፣ የታችኛው ሰው ላይ የሚደርሰው ውሃ በዛ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ!

መርሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያየነው ድሬዳዋ ላይ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ የደጫቱ ወንዝ ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ደጫቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ዳሩ ላይ ይኖራል። ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነበር። በዚያው ክረምት በደቡብ ኦሞ ከ300 የሚበልጡ ወገኖቻችን አለቁ። እዚሁ አዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በደረሰ ድንገተኛ ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

በዓለም ላይ ይህን ጉዳይ አጥብቆ ካነሱት አንዱ ጊልበርት ኋይት የሚባል አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር ነው። አገሩ እ.ኤ.አ. በ1936 ሕግ አውጥታ በግድብና በግንብ ሥራ ገንዘቧን ስታፈስ፣ እሱ በ1945 ባሳተመው ጥናት ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ግንቡ በዛ፤ ኪሳራው ለምን አልቀነሰም? መልሱ ሰው ነው። ሰው በግንቡ ተማምኖ ይበልጥ ወደ ወንዙ ይጠጋል። አንድ ቀን ከግንቡ የሚበልጥ ውሃ ሲመጣ ጉዳቱ ከድሮው ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ የጎርፍ ኢንሹራንስን ከቦታ አጠቃቀም ደንብ ጋር ያያዘችው እንዲህ ካለው አስተሳሰብ በኋላ ነው።

ወደ የካ እንመለስ። ይህ ዕውቀት ለእኛ ቤት ምን ይላል? በመጀመሪያ፣ ቤትህ ከምን እንደተሠራ እወቅ ይላል። የብሎኬት ቤት በሩን በሳንቃና በአሸዋ ከረጢት ዘግቶ ትንሽ ውሃ ሊመልስ ይችላል፤ ከአንድ ሜትር ገደማ ካለፈ ግን የውጪው ውሃ ክብደት ግድግዳውን ይገፋዋል። ያኔ ውሃው ቢገባና ቢወጣ ይሻላል፤ ቤቱ ይቆማል፣ ዕቃውም ቀድሞ ከፍ ካለ ይተርፋል። ቆጣሪውና ሶኬቱ በደረት ቁመት ይሁን። ጭቃ ቤት ደግሞ ሌላ ነው፤ ግድግዳው ከራሰ ያልቃል። ለእሱ መድኃኒቱ ቢያንስ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ መሠረት፣ ወጣ ያለ የክዳን ክፈፍና ዙሪያውን የሚሄድ ቦይ ነው። ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ድፍን አጥር አይሠራም፤ አጥሩ ውሃውን አቁሮ አቁሮ በመጨረሻ ጎረቤት ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ ቀበና ድልድይ ለመድረስ ብዙ አይቆይም፤ በቴሌቪዥን እስኪነገር ውሃው አልፏል። ግን ከላይ ያለው ሰው ለታችኛው ስልክ ቢደውልስ? ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ቀጥረን፣ ድንኳንና ገንዘብ አዘጋጅተን የምንኖር ሕዝብ ነን። ያን ጥሩምባ ሰው ከመሞቱ በፊት መንፋት ምን ይከብዳል? ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂቱን ጎርፍ ለጎዳው አባል ማስቀመጥስ?

ሦስተኛውና ከባዱ መነሳት ነው። አንዳንድ ቤት ደፍም መሠረትም አያድነውም። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ለማልማት ተነሳ፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህም የወንዝ ዳር ልማቱ የካን ጨምሮ ብዙ ሰው አስነስቷል። ለወንዙ ቦታውን መመለስ ትክክል ነው፤ ከዚህ የተሻለ የጎርፍ መከላከያ የለም። ግን ሁለት ነገር ካልተሟላ ሥራው ግማሽ ነው። አንደኛ፣ የተነሳው ሰው ከሥራው፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤትና ከዕድሩ ሳይለያይ የሚኖርበት ቤት ማግኘት አለበት፤ አለዚያ የጎርፉን አደጋ በሌላ አደጋ ለወጥንለት እንጂ አላዳንነውም። ሁለተኛ፣ የተለቀቀው መሬት ባዶ ሆኖ መቆየት አለበት። ድሃው «ጎርፍ ይወስድሃል» ተብሎ ከተነሳበት ቦታ ላይ ነገ ካፌና ፎቅ ከቆመ፣ ወይ ያኔ ዋሽተነዋል፣ ወይ ዛሬ ባለፎቁን እየገደልነው ነው።

ጎረቤታችን ካረፉ ቆይተዋል፤ ውሃ ሳይሆን ዕድሜ ነው የወሰዳቸው። ባለፈው ክረምት በዚያ በኩል ሳልፍ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ሣር ሆኗል። ዘበኛቸው የነበረው ደፍም የለም። ወንዙ ደፍርሶ ሣሩ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ማንንም ሳይነካ ወረደ። እኔም እንደ ድሮው ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ ልበል? አዎ፣ ለወንዙ። የዚያን ሰፈር ሰዎች ዛሬ የት እንደሚኖሩ እያወቀ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ደስ ይለኝ ነበር።