የአባይ ሸለቆ የዓለቶችን አፈጣጠርና ለውጥ ያሳያል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው ዋና መንገድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን ከተሞች መካከል የአባይን ሸለቆ ያቋርጣል፡፡ መንገዱ ከሸለቆው አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ በግራና በቀኝ የሚታዩት የዓለት ንብርብሮች የአገሪቱን የረጅም ዘመን የመሬት ታሪክ በቅደም ተከተል ያሳያሉ፡፡ የንብርብሮቹን ባሕርይ ማወቅ ለመንገድ፣ ለግድብ፣ ለሕንፃና ለማዕድን ሥራ መሠረታዊ ጠቀሜታ አለው፡፡

የሥነ ምድር ሳይንስ ዓለቶችን እንደ አፈጣጠራቸው እሳት ወለድ፣ ደለል ወለድና ልውጥ በማለት በሦስት ይከፍላቸዋል፡፡

እሳት ወለድ ዓለት በመሬት ውስጥ የቀለጠ ዓለት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው፡፡ ቅላጩ በጥልቀት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ እንደ ግራናይት ያለ፣ ቅንጣቶቹ በዓይን የሚለዩ ዓለት ይሆናል፡፡ ወደ ገጸ ምድር ፈስሶ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ባዛልት ያለ ደቃቅና ጥቁር ዓለት ይወጣዋል፡፡

ደለል ወለድ ዓለት ውኃና ነፋስ አጓጉዘው ያከማቹት አሸዋና ጭቃ፣ እንዲሁም የባሕር እንስሳት ቅሪትና ከውኃ የተለየ ጨው በክብደት ተጨምቆ ሲጠነክር የሚገኝ ነው፡፡ ልውጥ ዓለት የሚባለው ደግሞ ነባር ዓለት ሳይቀልጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ባሕርይውን ሲቀይር የሚፈጠረው ነው፡፡ የኖራ ድንጋይ ወደ እብነ በረድ መለወጡ ለዚህ ተጠቃሽ ምሳሌ ነው፡፡

ከሸለቆው ወለል እስከ አፋፉ

ንብርብሮች ካልተገለበጡ በስተቀር ከታች ያለው ከላይ ካለው በዕድሜ ይበልጣል፡፡ በድልድዩ አካባቢ የሚታየው የአሸዋ ድንጋይ ጥንት ወንዞች ካከማቹት አሸዋ የተፈጠረ ነው፡፡ ከእርሱ በላይ ያለው ጂፕሰም ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ በተነነበት ወቅት የቀረ ነው፡፡ ቀጥሎ የሚገኘው ወፍራም የኖራ ድንጋይ አካባቢው ከ145 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ተሸፍኖ እንደነበር ያስረዳል፡፡ በውስጡም የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ይገኝበታል፡፡ ባሕሩ ወደ ኋላ ካፈገፈገ በኋላ ዳግመኛ ጭቃና አሸዋ ተከማችቶበታል፡፡

ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በአካባቢው የተከሰተው ግዙፍ የቅላጭ ፍሰት ይህን ሁሉ በባዛልት ሸፍኖታል፡፡ ዛሬ በአፋፉ ላይ የሚታየው ጥቁር ዓለት ይኸው ሲሆን፣ የሰሜን ተራሮችም ከዚሁ ዘመን የእሳተ ገሞራ ፍሰት የተገነቡ ናቸው፡፡ ከዚያም ምድሩ ወደ ላይ ሲነሳ ወንዙ ንብርብሮቹን እየቆረጠ ሸለቆውን አበጅቷል፡፡

ከእነዚህ ሁሉ በታች ያለው መሠረት ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው ልውጥና ግራናይት መሰል ዓለቶች ናቸው፡፡ እነዚህ ዓለቶች በምዕራብ፣ በደቡብና በሰሜን ኢትዮጵያ በገጸ ምድር ይታያሉ፡፡ የለገደንቢ ወርቅና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ እብነ በረድ የሚገኙት በእነርሱ ውስጥ ነው፡፡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በጉባ የተገነባው በዚሁ ጥንታዊ መሠረት ላይ ነው፡፡

ያላቋረጠ ለውጥ

የዓለት ለውጥ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም፡፡ በመስከረም 1998 ዓ.ም በአፋር በዳባሁ አካባቢ ቅላጭ ከሥር ሰርጎ በመግባቱ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል፡፡ ሰርጎ የገባው ቅላጭ ሲቀዘቅዝ አዲስ እሳት ወለድ ዓለት ይሆናል፡፡

በደጋው ደግሞ ባዛልት በዝናብና በሙቀት እየፈረሰ አፈር ይሆናል፡፡ ዋልካ በመባል የሚታወቀው ጥቁር አፈር በአመዛኙ የዚህ ሂደት ውጤት ነው፡፡ በክረምት የሚታጠበው አፈር በአባይ ተጉዞ ውኃው በረጋበት ይዘቅጣል፡፡ ዘመናት ሲቆጠሩ እንዲህ ያለው ደለል ተመልሶ ዓለት ሊሆን ይችላል፡፡

ለልማት ሥራ ያለው ፋይዳ

የዓለቱ ዓይነት በላዩ የሚሠራውን ሥራ ዕጣ ይወስናል፡፡ በአባይ ሸለቆ በጠንካራ ንብርብሮች መካከል ያሉት ሸክላ አዘል ንብርብሮችና ከላይ የተንከባለለው ልል አፈር በክረምት ውኃ ሲጠግቡ ይንሸራተታሉ፡፡ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው መንገድ በተደጋጋሚ የመሬት መንሸራተት ጉዳት የደረሰበት በዚህ ምክንያት ነው፡፡ እንዲህ ባለው ሥፍራ አስፋልቱን ደጋግሞ ከመጠገን ይልቅ ውኃውን አስቀድሞ የሚያስወግድ ቦይ መሥራትና ተዳፋቱን ማጠናከር ተገቢ ነው፡፡

ጂፕሰም በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ፣ የኖራ ድንጋይም በስንጥቁ ውኃ የሚያሳልፍ በመሆኑ ለውኃ ማቆሪያ ከመመረጣቸው በፊት ጥብቅ ምርመራ ይሻሉ፡፡ በሌላ በኩል የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ለሲሚንቶ ምርት ዋነኛ ግብአት ናቸው፡፡ ዋልካ አፈርም ሲረጥብ ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በቂ ጥናት ሳይደረግበት የተሠራ ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል፡፡

ቀድሞ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጃቸው ካርታዎች በየአካባቢው ያሉትን ዓለቶች ዓይነትና ሥርጭት ያመለክታሉ፡፡ የግንባታ ቦታ የሚመርጡና በጀት የሚያጸድቁ የሥራ ኃላፊዎች ካርታዎቹን አስቀድመው ቢመለከቱ፣ የቦታ ላይ ምርመራም ዲዛይን ከመጽደቁ በፊት እንዲካሄድ ቢያደርጉ፣ በኋላ ለጥገና የሚወጣውን የሕዝብ ገንዘብ ማዳን ይቻላል፡፡